«አምፖል መስቀል ዲዛይን አይፈልግም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል። አንደኛው «ስለ ሙያህ ነውና አንብበው» ብሎ ነው የላከልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ረጅም ዘመን በግንባታ ሥራ ላይ እንደቆዩ ይገልጻሉ፤ አጻጻፋቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። የተነሡበት ምክንያትም ተራ አይደለም። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ ቤቱን ለመጨረስ ደፋ ቀና የሚል ሰው፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ወገቡን ባጎበጠው ሰዓት «የመብራት ዲዛይን» የሚል ሌላ ሂሳብ ሲቀርብለት አይተው ተቆጥተዋል። ቁጣቸው ይገባኛል። ከቁጣው ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን የተሳሳተ ነው። ስህተቱ ሥር ቢሰድ የሚጎዳውም ቪላ የሚያስገነባውን ሰው ሳይሆን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረፋ የሚጠብቀውን፣ በጤና ጣቢያ የምትወልደውን፣ ማታ ማታ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚወጣውን ነው።

ሐሳባቸው ሳይዛባ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። የመብራት ዲዛይን የሚባለው ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው፤ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን በየክፍሉ ኮርኒስ መሀል አንድ ጥሩ አምፖል ከሰቀለ ሥራው አልቋል። ቦታው ከጨለመ መፍትሔው ዋቱን ከፍ ማድረግ ነው። ነጭ መብራት ንጹሕና ዘመናዊ ስለሆነ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ቢሮውም እሱኑ ይጠቀም፤ ቢጫው ለሆቴል ይቅር። የ13 ወር ፀሐይ ያላት አገር የሕዝብ ሕንፃዎቿን በሰፋፊ መስታወት ብታለብስ ቀን ቀን መብራት አያስፈልጋትም። ኤልኢዲ መጥቷል፣ ግድቡም ተጠናቋል፤ ስለዚህ መብራት መቆጠብ ያለፈበት ሐሳብ ነው። በመጨረሻም የከተማ ዳርቻ ግቢ ሁሉ በትልልቅ ፓውዛ ቢጥለቀለቅ ሌባ አይደርስበትም።

አስቀድሜ የምስማማበትን ልናገር። በዲዛይን ስም የሚሸጥ ብዙ ከንቱ ነገር አለ። በጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ ቀለሙ የሚቀያየር ስትሪፕ መቅበር፣ አንድ ሳሎን ላይ 30 ስፖት መደርደር ዲዛይን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ መጋዘኑን የሚያራግፍበት መንገድ ነው። ጸሐፊው ያዩት ይህንን ከሆነ ከጎናቸው ነኝ። ዲዛይን ግን አምፖል ከመገዛቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ማን፣ ምን ሊያይ ነው? የዕቃው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። መልሱ ከታወቀ በኋላ ዕቃ የሚቀነስበት ጊዜም ብዙ ነው።

«በየክፍሉ መሀል አንድ አምፖል» የሚለውን ምክር ወጥ ቤት ገብተን እንፈትነው። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። መክተፊያው ከግድግዳው ጥግ፣ አምፖሉ ከኮርኒሱ መሀል ነው። ሽንኩርት የምትከትፈው ሴት ፊቷን ለግድግዳው፣ ጀርባዋን ለአምፖሉ ሰጥታ ትቆማለች፤ ጥላዋም ቢላውና ጣቶቿ ላይ ያርፋል። አምፖሉን በእጥፍ ብናጎላው ጥላው ከቦታው አይነቃነቅም። ትንሽ አምፖል ከመደርደሪያው ሥር፣ ከመክተፊያው በላይ ብናደርግ ግን ጣቶቿ ይታያሉ።

ነገሩ ቀላል የፊዚክስ ሕግ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። ከደብተር በ2 ሜትር ከፍታ ላይ የነበረ አምፖል ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ቢቀርብ፣ ደብተሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ልጅ ያለበት ቤት የሚያስፈልገው የሳሎኑን አምፖል ማተለቅ ሳይሆን አንዲት ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ነው። አያቶቻችን ይህንን ያውቁት ነበር። ዳዊት የሚደግም ሰው ጧፉን ከመጽሐፉ አጠገብ ያቆማል እንጂ ጣሪያ ላይ አይሰቅልም።

ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ወርቅ ነው፤ ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ነገር ግን ሽቦ ሊስብ ሲመጣ ቧንቧው ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ፣ የአምፖሉ ቦታ ከተወሰነ ሰንብቷል። ያንን ቦታ የወሰነው ሰው ስለ መክተፊያው አስቦ ነበር? ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነው።

ወደ ዋቱ እንለፍ። ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል ይነግረናል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግረንም። የሚሰጠው በሉመን ይለካል፤ የድሮው ባለ 60 ዋት የክር አምፖልና የዛሬው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ሁለቱም ወደ 800 ሉመን ይጠጋሉ። ቦታው ላይ የሚያርፈው ደግሞ በሉክስ ይለካል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሉመን ሲያርፍ አንድ ሉክስ ይባላል። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መስፈርት ለሚጻፍበትና ለሚነበብበት ቢሮ 500 ሉክስ፣ ለመተላለፊያ 100 ሉክስ ይላል። መተላለፊያውን እንደ ቢሮው ማንቦግቦግ ብክነት ነው፤ ቢሮውን እንደ መተላለፊያው መተው ደግሞ ዓይን ማድከም ነው። ከዋቱ በፊት የሚታይ ሌላም ነገር አለ። ንጹሕ ነጭ ኮርኒስ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ገደማውን ወደ ክፍሉ ይመልሳል፤ ጠቆር ባለ ቡናማ የተቀባ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። አንዳንድ ጊዜ የጨለመ ክፍል መድኃኒቱ አንድ ባልዲ ቀለም ነው።

በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ለአረጋውያን የበለጠ ብርሃን ያስፈልጋል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱም ይደፈርሳል፤ በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ አልፎ ሬቲና ላይ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል ላይ) የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። የጡረታ ወይም የመታወቂያ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ የመጡ አባት ቅጹን ከፍ ዝቅ አድርገው ማንበብ ሲያቅታቸው ስንት ጊዜ አይተናል! ነገር ግን ያው የደፈረሰ ሌንስ ፊት ለፊት የሚወጋን ብርሃን በዓይን ውስጥ ይበታትነዋል፤ ሁሉ ነገር ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ ከቢሮ ሠራተኛዋ ራስ በላይ ራቁቱን የተሰቀለ ኃይለኛ አምፖል ለእኚህ አባት ጠላታቸው ነው። ብርሃኑ ቅጹ ከሚሞላበት ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ አምፖሉ ግን ከዓይን ይከለል። ብርሃን መጨመርም ካለበት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። «ነጭ መብራት ለሁሉም ይበቃል።»

በአንድ በኩል አልተሳሳቱም። በተመሳሳይ ዋት ነጩ ኤልኢዲ ከቢጫው ጥቂት የበለጠ ሉመን ይሰጣል፤ ቀን ቀን በሚሠራበት ቢሮም መጠነኛ ነጭነት ይስማማል። ይሁን እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋል። የመጀመሪያው በኬልቪን የሚለካው የብርሃኑ ቀለም ነው፤ 2,700 ሞቅ ያለ ቢጫ፣ 4,000 መካከለኛ፣ 6,500 ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ሁለተኛው ብርሃኑ የዕቃውንና የቆዳውን ቀለም በታማኝነት የማሳየት ችሎታው ነው፤ ይህ የሚለካው ከ100 ነው። የመጀመሪያው ስለ ሁለተኛው ምንም አይነግረንም። እጅግ ነጭ የሆነ አምፖል ቀለም በማሳየት ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫው የክር አምፖል ደግሞ ከ100 ጋር ይቀራረባል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ መለኪያ መሣሪያ ይዤ አይደለም። እህቴ በከተማዋ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ክፍሉ በነጭ መብራት ቦግ ብሏል፤ ጸሐፊው ቢያዩት ይወዱት ነበር። አዋላጅ ነርሷ ሕፃኑን ከፎጣው ፈታችው፣ ደረቱን አየችው፣ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ከዚያም ምንም ሳትናገር ታቅፋው ወደ መተላለፊያው ወጣች። ተከተልኳት። መስኮቱ ሥር ቆማ የሕፃኑን አፍንጫ ጫፍ በጣቷ ጫን አደረገች፤ ጣቷን ስታነሣም ደሙ ከመመለሱ በፊት ያለችውን ያቺን አንዲት ቅጽበት ጎንበስ ብላ አየች። የጨቅላ ሕፃናት የቆዳ ቢጫነት መኖር አለመኖሩን እያረጋገጠች ነበር። «እዚያ ውስጥ ሁሉም ሕፃን አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። ሕፃኑ ደኅና ነበር። እኔ ግን ማታ ስለሚወለደው ሕፃን ማሰቤን ማቆም አልቻልኩም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት መስኮቱ ምን ብርሃን አለው?

በጠቆረ ቆዳ ላይ ቢጫነትን መለየት ቀድሞውንም አስቸጋሪ ነው። የከንፈር መጥቆር፣ የድድ መገርጣት፣ የቁስል መቅላት ሁሉም በቀለም የሚታወቁ ናቸው። ያው የአውሮፓ መስፈርት ለተራ የሥራ ክፍል ቀለም የማሳየት ችሎታ ቢያንስ 80 ሲጠይቅ፣ ለምርመራና ለሕክምና ክፍል 90 የሚለው ለዚህ ነው። ባለ 90 አምፖል ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ አልክድም። ሕንፃው በሙሉ ግን አይፈልገውም። የሚያስፈልገው ለምርመራ አልጋው፣ ለማዋለጃው፣ ቁስል ለሚታሸግበት ጠረጴዛ ነው። የትኛው ክፍል ምን ይፈልጋል ብሎ መለየቱ ራሱ ጸሐፊው ቅንጦት ያሉት ሥራ ነው።

በሌሊት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በሬቲና ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለሰውነት ለማሳወቅ የሚያገለግሉ ሴሎች እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። እነዚህ ሴሎች የሚነቁት በተለይ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ብርሃን ነው። ሌሊቱን ሙሉ በ6,500 ኬልቪን ብርሃን ሥር የተኛች አራስ፣ ሰውነቷ ገና ቀን ነው እየተባለ ነው። መኝታ ቤት ቢጫ ቢሆን ኋላ ቀርነት አይደለም።

ስለ ርካሹ ኤልኢዲም አንድ ነገር ልበል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ደካማ የሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን ላያየው ይችላል፤ አንዳንድ ሰው ግን በራስ ምታት ያውቀዋል። የስልክ ካሜራ ከፍቶ ወደ አምፖሉ ማስጠጋት ነው፤ በማያ ገጹ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተንቀሳቀሱ ያንን አምፖል ለመማሪያ ክፍል አለመግዛት ይሻላል።

ፀሐይን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት ልብ ይነካል፤ የቀን ብርሃንን የመሰለ የለም። ችግሩ መስታወትና የቀን ብርሃን አንድ አለመሆናቸው ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ቢሮ ከሚፈልገው 200 እጥፍ ማለት ነው። በከተማዋ ዳርቻ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ አንድ የአገልግሎት መስጫ ሕንፃ አውቃለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ሠራተኞቹ ፊት ላይ ትገባለች። እነሱም መጀመሪያ አሮጌ ጋዜጣ ለጠፉ፣ ቀጥሎ ካርቶን፣ በመጨረሻም ወፍራም መጋረጃ ተገዛ። መጋረጃው ጠዋትም አይገለጥም። እናም በጠራራ ፀሐይ፣ በመስታወት ሕንፃ ውስጥ፣ መብራቱ ሁሉ በርቶ ይሠራሉ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። በሁለቱም አቅጣጫ ከፍ ብላ ስለምታልፍ ከመስኮቱ በላይ የወጣች አጭር ጥላ መጣያ ትመልሳታለች። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ያ አጭር ጥላ መጣያ አያግዳትም። ስለዚህ ሰፊውን መስኮት ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር፣ የምሥራቁንና የምዕራቡን ማጥበብ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ጠቃሚ የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚገባው የመስኮቱ አናት ከወለሉ ካለው ከፍታ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ነው። መስኮቱ 2.4 ሜትር ላይ ካበቃ፣ ከ6 ሜትር ወዲያ ያለው ወንበር በክረምት ደመና መብራት ይፈልጋል። መስታወቱ ወደ ጎን ቢሰፋ ይህ አይለወጥም።

መስታወትን በዓላማ የተጠቀመ ሕንፃ እዚሁ ከተማችን አለን። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ፣ በመግቢያው የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ይዟል። እዚያ የሚቆም ሰው ብርሃን ምን እንዲሠራ እንደታሰበ ይገባዋል። ጉዳዩ ትናንት ከውጭ የመጣ ፋሽን እንዳልሆነም ያያል።

ስለ ቁጠባው ብዙ አልልም። ኤልኢዲ ትልቅ በረከት ነው፤ ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸውም የሚገባቸው ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደማንኛውም ሰው ዕንባዬ መጥቷል። ነገር ግን ያ ኃይል እኛ ሰፈር የሚደርሰው በትራንስፎርመርና በሽቦ ነው፤ ቆጣሪውም መቁጠሩን አያቆምም። በሕዝብ ሕንፃ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለው የመብራት ረድፍ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ቢኖረው ቀን ቀን ያ ረድፍ ይጠፋል። ዛሬ ብዙው አዳራሽ በአንድ ማብሪያ ሁሉም ይበራል፣ ሁሉም ይጠፋል።

ወደ ፓውዛው ልምጣ። የዳርቻው ጨለማ አስፈሪ መሆኑን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። ከታክሲ ወርዳ በጨለማ ወደ ቤቷ የምትሄድ ልጅ ያለችው ሁሉ ያውቀዋል። በአዳዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች እግረኛ አምሽቶ ሲሄድ ማየትም ደስ ይላል። ስለ መብራት አስፈላጊነት ክርክር የለንም።

በሰፈራችን ጫፍ ያለ አንድ መጋዘን በበሩ ምሰሶ ላይ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓውዛ ወደ መንገዱ ቀጥ አድርጎ ሰቅሏል። አንድ ማታ በዚያ ሳልፍ፣ በየቀኑ ሰላም የምንባባላቸው ዘበኛ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው «ማን ነህ? ቁም!» አሉኝ። በመካከላችን አሥር እርምጃ እንኳ አልነበረም። «አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንተ እኔን ታየኛለህ፤ እኔ ግን አንተን አላይህም። ይህ መብራት የሚያበራው ለሌባው ነው» አሉኝ። ከፓውዛው ጀርባ፣ ከምሰሶው ጎን ገብቼ ቆምኩ፤ ከፊታቸው ጠፋሁ። ኃይለኛ ብርሃን ያየ ዓይን ከጨለማ ጋር እንደገና እስኪለማመድ ብዙ ደቂቃ፣ ሙሉ በሙሉ ለመለማመድ ደግሞ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የፓውዛው ጥላም ልክ እንደ ብርሃኑ ድቅድቅ ያለ ነው።

በማግስቱ ባለቤቱን አስፈቅደን መሰላል አቆምን፤ ዘበኛው ያዙልኝ። አንዱን ፓውዛ ወደ መሬት ደፋነው፣ ሁለተኛውን አውርደን በምትኩ ሦስት ትንንሽ አምፖሎች በግንቡ ላይ አደረግን፣ ብርሃናቸው ራሱ ግንቡ ላይ እንዲያርፍ። በግንቡ ፊት የሚያልፍ ሰው አሁን ከሩቅ ይለያል። አባባም ማታውኑ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቦይ በጣታቸው አሳዩኝ። በዚያ ግቢ በር ሁለት ዓመት ሲጠብቁ ያንን ቦይ በሌሊት አይተውት አያውቁም ነበር።

የቀረው የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊውን ያስቆጣቸውም እሱ ነው። እኛ ብሎክ ውስጥ በየፎቁ ማረፊያ ኮርኒስ ላይ አንድ አንድ አምፖል ነበር። ወደ ታች የሚወርድ ሰው አምፖሉን ከኋላው ስለሚያደርገው የራሱ ጥላ ደረጃው ላይ ይወድቅና የሚረግጠውን አያይም። ነዋሪው አዋጣ፤ አምፖሎቹን ከኮርኒስ አንሥተን በደረጃው አጋማሽ፣ በጎን ግድግዳ ላይ፣ ሽፋን አድርገን ሰቀልናቸው። ወጪው ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ ሽፋኖቹና የአንድ ኤሌክትሪሺያን ግማሽ ቀን ነበር። አምፖሎቹ የድሮዎቹ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ለኪዳን ገና ሳይነጋ ነው የሚወጡት። ድሮ በአንድ እጃቸው የስልካቸውን መብራት ስለሚይዙ ወይ ምርኩዙን ወይ መደገፊያውን መምረጥ ነበረባቸው። አሁን ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ሁለቱንም ይዘው ይወርዳሉ።